የዳማ መድኃኒት

ወሎዬዎቹ ሰፋሪዎች ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ተርፈው አሶሳ ሲወርዱ ስለ ከርከሮ የነገራቸው አልነበረም። በመጀመሪያው ክረምት በቆሎው እሸት ሲይዝ ከርከሮና ዝንጀሮ እየተፈራረቁ ጨረሱባቸው። በሁለተኛው ዓመት የመንደሩ ኮሚቴ ነቃና ውሻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በእህል ቀጠረ።

አንደኛው ከቤጊ የመጣው ኤጀታ ነው። ሁለተኛው የአገሩ ሰው፣ በርታው ጁምዓ። በማሳው ወዲህና ወዲያ ዳር ማማ ሠርተው ይጠብቃሉ። የኤጀታ ውሻ ዳማ ይባላል። ጁምዓ ሰምራ የምትባል ሴት ውሻ አለችው፤ ሶላት ስለሚሰግድ ልብሱን እንዳትነካው ይጠነቀቃል እንጂ ሳያበላት አይበላም።

ለኤጀታ ዳማ ውሻ ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ቡሴ በወባ ከሞተች ወዲህ፣ ሲገባ ጅራቱን እየቆላ የሚቀበለው ሌላ ማን አለው? ከቡችላነቱ ያሳደገችውም እሷ ናት።

ያን ክረምት ከርከሮው ፋታ ነሳቸው። ዳማ ሮጦ ሲመለስ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ሽንቱም ጠቁሮ ሻይ መሰለ። ኤጀታ ደነገጠ። የእንስሳት ጤና ረዳቱን ዱጋሳን ለምኖ አስመጣው።

«ከአቅሙ በላይ እየሮጠ ነው» አለ ዱጋሳ። «ብዙ የሚለፋ ሰውነት ከውስጥ ይዝጋል፤ እንደ ብረት። ይህ ቫይታሚን ዝገቱን ይከላከልለታል። ካላገኘ ግን ጡንቻው እያለቀ፣ አንድ ቀን ሲሮጥ ልቡ ቀጥ ይላል።»

ከቦርሳው ሁለት ቆርቆሮ አወጣ። ክኒኖቹ ቁርጥ አንድ ናቸው። ችግሩ፣ አንደኛው ጊዜው አልፎበታል። «ይኼኛውን ሙቀት ጨርሶታል፤ ከኖራ አይሻልም» ብሎ ክዳኑን በሚስማር ጫረበት። መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ ሌላ መድኃኒት ከመስከረም በፊት አይመጣም። ሰምራም ማለክለክ አብዝታ ነበርና፣ ማንም እንዳይቀየመው በገለባ ዕጣ አጣጣላቸው።

ደህናው ለጁምዓ ወጣ።

«አንተ ውሰድ» አለ ጁምዓ ወዲያው። «ያንተ ውሻ ነው በጣም የታመመ። የኔ ውሻ ጠንካራ ነው።»

የኤጀታ ኩራት ደግሞ! ሰው እያየው ምጽዋት ሊቀበል? «ዕጣ ዕጣ ነው። እግዜር የሰጠህን እኔ አልወስድብህም» አለና ጭረት ያለበትን ቆርቆሮ ይዞ ሄደ።

አፉ ነው እንዲህ ያለው። ዳማ እስኪነጋ ሲያቃስት አደረ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጁምዓ ለሶላት ሊታጠብ ወደ ወንዝ ሲወርድ ኤጀታ ማሳውን አቋርጦ መጣ። ከጁምዓ ማማ ላይ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ አወረደ። በውስጡ ያሉትን ክኒኖች በጋቢው ጫፍ ቋጠረና የራሱን በቦታቸው አፈሰሰ። ቆርቆሮውን እንደነበረ ሰቅሎ ተመለሰ። ሰው አላየውም። እግዜር እንዳየው ግን አላጣውም።

ከዚያ ወዲያ ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ የራሱን ቆርቆሮ ከብብቱ አልለይ አለ።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ ከርከሮ የሰምራን ጭን ሰነጠቀው። «ድሮ መች ይደርስባት ነበር? እግሯን ያሰርኩት እኔ ነኝ» በልቡ እያለ ኤጀታ እህል አልወርድለት አለ። ቅቤ ይዞ ሄደ፤ ቁስሏን በገዛ እጁ አጠበላት። ጁምዓ «አላህ ይስጥህ» ባለው ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር።

ሰምራ ግን ቶሎ ሻረላትና መሮጥ ጀመረች። ያልቀናው ዳማ ነው። ሽንቱ ይባስ ጠቆረ። ኤጀታ ክኒኑን በገንፎ እየደበቀ ጨመረለት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ጁምዓ ብቅ ባለ ቁጥር ዳማን ትክ ብሎ ያየዋል።

«መድኃኒት ትሰጣለህ?»

«እሰጠዋለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ አልኩህ እኮ።»

ጁምዓ ራሱን ይነቀንቅና ዝም ይላል። ኤጀታን የገደለው ያ ዝምታ ነው። አውቆብኛል፣ አፌን ከፍቼ እስክናዘዝ ነው የሚጠብቀኝ እያለ ዓይኑን ይሸሸው ጀመር። ልንገረው ብሎ ይነሳል። ከነገረው ክኒኑን መመለሱ ነው። ዳማን ያይና መልሶ ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት የዝንጀሮ መንጋ ማሳው ውስጥ ገባ። ዳማ አባረረ። ጥሻው አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ጌታው ዞሮ አየና ወደቀ። ኤጀታ ሮጦ ሲደርስ ትንፋሽ አልነበረውም።

ጁምዓ ዶማ ይዞ መጣ። ከማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር መቆፈር ጀመረ። ኤጀታ ዳማን ታቅፎ ሲያየው ቆየና ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ተው ጁምዓ፣ አትቆፍርልኝ። እኔ ሌባ ነኝ። ዕጣ በተጣጣልን ማግስት፣ ሶላት ስትወርድ፣ ክኒንህን ለውጬብሃለሁ። አንተ ጋ የነበረውን ወሰድኩ፣ የኔን እዚያ ጨመርኩ። እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፤ ይኸው ዳማን ወሰደብኝ።»

ጁምዓ ዶማውን አቆመ።

«በማግስቱ?»

«አዎ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ።»

ጁምዓ ዓይኑን ከጉድጓዱ አላነሳም።

«ውሰድ ስልህ እምቢ አልክ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ዕጣ በጣልንበት ቀን ማታ፣ አንተ ውኃ ስትቀዳ፣ ያንተን ወስጄ ደህናውን አንተ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ነበር።»