የበሩ ድንጋይ

ስሜነሽ በእስራኤል አገር፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር ባለው የአእምሮ ሕክምና ሚርፓአ፣ ማለትም ክሊኒክ፣ አስተርጓሚ ነበረች። ለቅሶ ቤት እንደ አገር ቤት ወግ ሰላምታውን ስታበዛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ የሚርፓአውን ታካሚ እማማ ጠጅቱን "መድኃኒቱስ ተስማማዎት?" ብላ ምስጢራቸውን አወጣችባቸው። በማግስቱ እማማ "ሁለተኛ አልመጣም" ሊሉ ሚርፓአው ድረስ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ስሜነሽ ለአለቃዋ ለኢዲት ሁሉን ነገረቻት፤ እንደምትባረር ቁርጧን አውቃ ነበር።

"በእናንተ ዘንድ ይቅርታ እንዴት ነው የሚጠየቀው?" አለች ኢዲት።

"ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ የተበደለው ፊት ጎንበስ ይላል።"

ኢዲት ብድግ ብላ፣ በሩ እንዳይዘጋ የተደገፈበትን ድንጋይ አነሳችና ማጅራቷ ላይ ጫነችው።

"ኧረ እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ለኔ ስጪኝ!"

"ከሚርፓአ ውጪ ምን እንደማይጠየቅ ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

ኢዲት ድንጋዩን እንደተሸከመች ወጥታ እማማ እግር ስር ተንበረከከች። ስሜነሽ ላስተርጉም ብላ ተከትላት ወጣች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

እማማ "አምላከ እስራኤል!" ብለው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሱላት። "ተነሽ ልጄ፣ አንገትሽን!" አሉና ወደ ስሜነሽ ዞሩ። "አንቺስ ምን ያስለቅስሻል? ቀጠሮዬ ስንት ሰዓት ነው በያት።"