የሙሽሮች ሳሎን

ፒያሳ ካለ ሱቅ ውስጥ ገመድ አልባውን ስፒከር ደጋግማ አገላበጠችው። ኮምቦልቻ ለሚኖረው ልጇ ለሠርጉ የሰጠችው ዓይነት ነበር፤ መንዙማ በየክፍሉ የሚያሰማ። አሁን ለራሷም ቤት ሦስት ፈለገች፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጭረት ግን አላማራትም።

«ይሄ ያገለገለ ነው።»

«ወላሂ አዲስ ነው እናቴ!» አለ ሻጩ ዓይኗን ሳያይ። «ካላመኑኝ በስልክዎ ይሞክሩት።»

ብሉቱዙን ከፈተችው። ስልኳ ሳይጠይቃት ተገናኘና በሠርጉ ማግስት ስትገጥምላቸው ራሷ ያወጣችለት ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «የሙሽሮች ሳሎን»።

ሻጩን ቀና ብላ አላየችውም። ልጇ ጋ ደወለች።

«ስፒከሮቹ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ እማ! የሳሎኑን አሁንም ከፍቼ እየሰማሁ ነው» አለ የልጇ ድምፅ፣ ከያዘችው ስፒከር ውስጥ ጮክ ብሎ።