መምህር ይቅደም

ነጩ የኤችአይቪ መመርመሪያ የደሙን ጠብታ ሲመጥ፣ የገጠሩ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ዓይኑን አሸሸ። ነርሷ ለብርሃን ብላ መመርመሪያውን ከመስኮቱ ሥር አኑራው ነበር። «መምህር ይቅደም» ብሎ የፎከረው ራሱ ነው፤ ተማሪዎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ከመስታወቱ ውጭ ተደርድረዋል።

«ቲቸር፣ መርፌ ፈሩ እንዴ?» አለች ከፊት የቆመችው፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች። እሱም ከጥርሱ ሳቀ፤ በኪሱ ያለው ጠመኔ ግን በጣቶቹ መካከል ደቀቀ። የፈራው መርፌውን አልነበረም። በክረምቱ ሥልጠና፣ ከቤቱ ርቆ፣ ሳይጠነቀቅ አብራው የሰነበተችውን ሴት ነበር የሚያስበው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ተመልሷል፤ ሚስቱ ደግሞ አሁን ጡት ታጠባለች።

«ደርሷል፣ ጋሼ» አለች ነርሷ በለሆሳስ።

ወደ ጠረጴዛው ማየት አቃተው። አንድ መስመር ነፃ፣ ሁለት መስመር ቫይረሱ በደም ውስጥ አለ ማለት እንደሆነ ባለፈው ሳምንት በሰሌዳ ላይ ስሎ ያስተማራቸው እሱ ነበር። ስለዚህ መመርመሪያውን ትቶ የልጆቹን ፊት አነበበ። ሬዲዮ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያም፣ ባስተማራት ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ሳትል ዘጋችው።