ከበሩ ውጪ ያለው ማብሪያ

ይህን የጀርመን አገር ፎቅ የሠራው ሰው መቼም ጤና የለውም፤ መስኮት ለሌለው ሽንት ቤት የመብራቱን ማብሪያ ማጥፊያ ከበሩ ውጪ ተክሎታል። አሮጊቷ ገና ገብታ ከመቀመጧ፣ ቀጭ! ድርግም። በዚያ በኩል የምታልፈው ደግሞ ሁልጊዜ የምራቷ እናት ወይዘሮ ዘርፌ ናት። ሁለቱም ከአገር ቤት የመጡት አራሷን ሊያርሱ ነው።

«ሆን ብላ ነው» አለች አሮጊቷ ለልጇ። «ግድግዳውን እየደባበሰች የምትንጎራደደው እሷ ያሠራችው ቤት መስሏት ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! ደረጃ ስትወርድ ክንዷን የምትይዝ አንተ፣ ዓሣ ሲቀርብ እሾሁን የምትለቅምላት አንተ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«አደራ ብላኝ እንጂ ምክንያቱን እነግርሽ ነበር» ብሎ ልጇ በሩን ዘጋው።

አንጀቷ እንዳረረ አደረች። ጧት ወይዘሮ ዘርፌ መብራቱን አብርታ ሽንት ቤት እስክትገባ ጠበቀችና ማጥፊያውን ተጫነችው። ጨለማውን እሷም ትቅመሰው! ጩኸቷን ለመስማት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

ጩኸት የለም። ቧንቧው ፈሰሰ፤ ቆመ። በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ዘርፌ ከድቅድቁ ጨለማ እጇን እያደረቀች ረጋ ብላ ወጣች። ፊት ለፊቷ የቆመችውን አሮጊት ልትነካት ምንም አልቀራት።

«ማነው? እሜቴ፣ እርስዎ ነዎት? መብራቱን ያጥፉልኝ እባክዎ። ሳላጠፋው የሄድኩ እየመሰለኝ ሁልጊዜ እመለሳለሁ።»

አሮጊቷ ማጥፊያውን ተጫነች። መብራቱ የወይዘሮ ዘርፌ ፊት ላይ ቦግ አለ፤ ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም።

«ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።