የዓርብ ቋሊማ

ቋሊማው አቢግያ እጅ ሲደርስ ገና ይፋጅ ነበር። አራቱ ጓደኛሞች ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ እስኪመጣ ከመንገድ ዳር የቋሊማ ጋሪ አንድ ስሞኪ ይገዙና አንድ አንዴ እየገመጡ ይቀባበሉታል። ልማዱን ያመጣችው አኪኒ ናት፤ ያልገመጠች ከእነሱ አይደለችም። አቢግያም እስካለፈው ዓርብ ድረስ ትገምጥ ነበር። በገመጠች ቁጥር ግን ፊቷን አዙራ ሶፍት ላይ ትተፋውና ኪሷ ትከተው ነበር።

ዛሬ ሳትገምጥ ለአኪኒ መለሰችላት።

«አልበላም። ዓርብ ጾም ነው፤ እኛ ሥጋ አንበላም።»

«ከመቼ ወዲህ?» አለች አኪኒ። «ባለፈው ሳምንት በልተሽ የለም እንዴ?»

«ሶፍት ላይ ነው የተፋሁት። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

የሌሎቹ ሁለት ጓደኞቻቸው ሳቅ ቀጥ አለ። አቢግያ ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ስታታልይን ነበር ማለት ነው» አለች አኪኒ።

«አዎ። ከዛሬ ወዲያ ግን አላታልላችሁም።»

ማታቱው መጥቶ ቆመ። ሦስቱ ዞር ብለው ሳያዩዋት ገቡና እንደ ወትሮው የኋላውን ወንበር ያዙ። አኪኒ ቋሊማውን እየገመጠች ቦርሳዋን በአቢግያ ቦታ ላይ ወረወረችው። ከሹፌሩ ኋላ ሁለት ባዶ ወንበሮች ነበሩ። አቢግያ አልፋቸው እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ቦርሳውን አነሳችና አኪኒ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ጠጋ በይ» አለቻት።

አኪኒ ቀና ብላ አየቻት። አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠችና ጠጋ አለች።