ክብሪቱ ረጠበ

ሥራ አስኪያጁ አፉን በውኃ ሞልቶ ሲቆም ሠራተኛው ሁሉ ይገባዋል። ስድብ መጥቶበት ነው።

ዘዴውን የተማረው ዋናው መሥሪያ ቤት ለሦስት ቀን በላከው ሥልጠና ላይ ነው። ሲናደድ ውኃ መጎንጨት፣ ሳይውጥ እስከ ሃያ መቁጠር፣ ከዚያ መናገር። ግንበኞቹ ድሮ «ክብሪት» ነበር የሚሉት። አሁን የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሲያነሳ ባዩት ቁጥር «ክብሪቱ ረጠበ» እየተባባሉ አካፋቸውን ተደግፈው ይሳሳቃሉ።

ይሳቁ። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት ጨርሶ ቁልፉን በገዛ እጁ ማስረከብ። በሙያው አሥራ አንድ ዓመት ሲቆይ አንድም ቁልፍ አስረክቦ አያውቅም። ሁለት ሕንፃ ጀምሮ ሁለቱንም በምላሱ የተነሳ መሐል ላይ ተነጥቋል። ሪባን የቆረጠባቸው ሌላ ሰው ነው። በዚያ በኩል ሲያልፉ ሚስቱ ለልጃቸው «ይሄን አባትሽ ነው የሠራው» ስትላት፣ እሱ አንገቱን ወደ መንገዱ ማዶ ያዞራል።

እዚህም የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። የአናጺዎቹን አለቃ ሰው ፊት ባዋረደ በሳምንቱ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደብዳቤውን ራሷ ሳይት ድረስ ይዛ መጣች። ፎርማኑም በሩ ላይ ቆመው ነበር። በእሳቸው ፊት መሆኑ ይበልጥ አንገበገበው። ግማሽ ገጽ ሳያነብ ደሙ ፈላ፤ ውኃውን ተጎነጨ፣ በጣቷ ያሳየችው ቦታ ሁሉ ላይ ፈረመ፣ ሸኛት። «አንድ ጥፋት ቢደገም ይሰናበታል» የሚለውን ገጽ እያየ እንዲጠነቀቅ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የተረፈውን ወረቀት አጣጥፎ የምታነክሰዋ ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀ። ጠረጴዛዋም አደብ ገዛች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሱት ፎርማኑ ናቸው።

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኛው «ጋሼ ውኃልክ» ይላቸዋል፤ ግድግዳ መዝመሙን ያለ መሣሪያ፣ በዓይናቸው ብቻ ይለያሉ። እኚህ ሰው ከማስጠንቀቂያው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይጠፋሉ። ለግንበኞቹ፣ ጥርሴን እያሳከምኩ ነው ይላሉ። ሾፌሩ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት፣ የኃላፊዋ በር ላይ ወረፋ ይዘው እንዳያቸው ለሥራ አስኪያጁ ሹክ አለው።

አርብ ጠዋት ደግሞ ቢሮው ብቅ ብለው ፈገግ ይላሉ። ጥርሳቸው አንድም አልጎደለም።

«ይህችም ሐሙስ በሰላም አለፈች፣ ኢንጂነር።»

ሹፈት ነው ብሎ ጠርሙሱን ያነሳል።

ሌላም አለ። ሠራተኛውን ሰብስበው ሲያንሾካሹኩ ድንገት ሲደርስ ሁሉም ጸጥ ይላል። አንድ ቀን እሱ ስብሰባ በሄደበት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተንጋደደ ግድግዳ አስፈርሰው በአዲስ አስገንብተው ጠበቁት። ሲጠይቃቸው፣ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም አሉ። እርጥቡን ሲሚንቶ በጣቱ ነክቶ አየ።

ድሮ ቢሆን ድምፁ ግቢው በር ላይ ያለው ጥበቃ ጋ ይደርስ ነበር። አሁን ሠልጥኗል። አሠልጣኙ፣ የሚያስቆጣህን ጻፈው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየኸውን ብቻ፤ ስድብ አትቀላቅልበት ብሎታል። ጻፈ። አሥር ሐሙስ ጻፈ። ደብተሩ ሲሞላ ነገሩ ቁልጭ አለለት፤ ሽማግሌው ወንበሩን ፈልገዋል፣ በየሳምንቱ እየሄዱ ያሳብቁበታል።

ደብተሩን ይዞ ኃላፊዋ ዘንድ ገባ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከእኚህ ሰው ጋር መሥራት አልችልም፣ ከፕሮጀክቱ ይነሱልኝ አለ።

ሴትየዋ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። ቀጥሎ እሱን አየች።

«ጋሼ እንዲነሱ? ተናደህ ነው?»

«እንደሚያዩኝ ነኝ።»

«የምልካቸው ሌላ ሳይት የለኝም። ቤታቸው ነው የሚገቡት።»

«ያሳዝናል።»

«ከዚያ በኋላ ስለሚመጣውስ አስበህበታል?»

ትዕግሥቴን እየፈተነችኝ ነው ብሎ በልቡ ሳቀ። ፎርማን እንደሆነ ከየትም ይገኛል።

«አሥር ሳምንት አስቤበታለሁ» አላት።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ውኃልክ ዕቃቸውን በጆንያ ጠቅልለው ሊሰናበቱት መጡ። አልተቆጡም። ትንሽ የከነከነው ይሄ ነው።

«እኔስ ግድ የለም፣ ቤቴ እገባለሁ» አሉት። «አንተስ፣ ልጄ?»

ዛቻ መሰለው። ውኃውን ተጎነጨና ቆጠረ። ሃያ ደርሶ ሲውጠው፣ ሽማግሌው ግቢውን አጋምሰው ነበር። ግንበኞቹ ሥራ አቁመው በዓይናቸው ሸኟቸው። የዚያን ቀን ክብሪቱ ረጠበ ያለ የለም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አንድ ሄልሜት ያደረገ ጎልማሳ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ዘረጋለት፤ አዲሱን ፎርማን በጥሩ ፊት መቀበል እንዳለበት ሥልጠናው ላይ ተነግሮታል።

ሰውየው አቀርቅሮ ፖስታ ሰጠው።

«ፎርማን አይደለሁም» አለ። «በአንተ ቦታ ነው የላኩኝ።»

ፖስታው ውስጥ ያለው ሁለት መስመር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል፣ ርክክብ ፈጽም። ሕንፃው ሊያልቅ የቀረው የጣሪያው ቆርቆሮ ግማሽ ብቻ ነበር።

«ይሄ ሽማግሌ ሄዶም አልለቀቀኝም» አለ። ጠርሙሱን ፈለገ። ባዶ ነው።

የራሱን ዕቃ ሊያወጣ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሲስብ አልከፈት አለው። በብስጭት ነቀነቀው። ጠረጴዛዋ ዘመመች፣ ከእግሯ ሥር የታጠፈው ወረቀት ተንሸራቶ ወጣ። አንስቶ ዘረጋው።

«ሥራ አስኪያጁ በሥራው ላይ የሚቆየው፣ ለጠባዩ ዋስ የሆኑለት ፎርማን በፕሮጀክቱ እስካሉና በየሐሙሱ ቀርበው እስከፈረሙለት ድረስ ብቻ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ፣ የሽማግሌውና የራሱ።