ትንሽ ጨምር

ቴክኒሻኑ የጌም ማሽኑን ጀርባ ከፍቶ ተንበርክኳል። ስክሪኑ እንደገና ደብዝዟል። የጌም ቤቱ ባለቤት እትዬ እንደ ባለፈው ከፊት ቆመው ያዩለታል፤ እሱ ብርሃኑን በካቻቢቴ ሲያስተካክል እሳቸው "ጨምር" ወይም "በቃ" ይሉታል።

"እጅህ ይባረክ፣ ካንተ ሌላ ማንን አምናለሁ!" ብለው ነበር የተቀበሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ባለፈው "የስክሪኑን ቱቦ ቀይሬዋለሁ" ያላቸው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

"ጨምር" አሉ ከፊት።

ፊታቸውን አለማየቱ ድፍረት ሰጠው። "እትዬ፣ ባለፈው ቱቦውን አልቀየርኩትም። ይችኑ ብሎን ጠምዝዤ ነው የሄድኩት። የምገባበት ጠፍቶኛል።"

"አውቃለሁ፤ እዚሁ ውስጥ ነበርኩ። ጨምር።"

ጆሮው እስኪግል አፈረ። ቢሆንም ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለውና ጨመረ።

የመንገዱ በር ሲጢጥ አለ። እትዬ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ገቡ።

"ውይ፣ ጎረቤቴ በወሬ ይዛኝ ጥዬህ ቀረሁ! ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ከማሽኑ ጋር?" ብለው ሳቁ።

ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

"ጨምር እንጂ" አለ ያው የእትዬ ድምፅ ከስክሪኑ ውስጥ፤ "ፊቴ ገና አልታየም።"